በዴዴሳ ላይ የቀዘፍንበት ቀን

ባለቤቴ ያደገው ጣና ዳር ነው። ነቀምቴ ተመድቦ ሲመጣ የከበደው ቋንቋው አልነበረም፤ እሱን በአንድ ክረምት ተወጣው። ዝናቡም አልነበረም። የከበደው ጠዋት በመስኮት ሲያይ ሐይቅ የማይታይበት ከተማ ውስጥ መኖር ነው። እኔ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነኝ። ለእኔ ውኃ ማለት በጀሪካን የሚቀዳ ነገር ነበር። መጀመሪያ ኡኬ፣ ቀጥሎ ነቀምቴ ጂኦግራፊ ሳስተምር የወለጋን ወንዞች ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ሥያለሁ፤ እግሬን ግን አንዳቸውም ውስጥ አስገብቼ አላውቅም።

ካያክ የሚሉት የቀዘፋ ጀልባ የመጣልን ከባሕር ዳር ነው። የባለቤቴ አብሮ አደግ ሐይቁ ላይ ቱሪስት ሲያስቀዝፍ ኖሮ፣ እንግዳ ሲጠፋ ሥራውን ተወና ዕቃውን ለወዳጆቹ አከፋፈለ። ለእኛ የደረሰን አየር የሚሞላ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥበት ብርቱካናማ ጀልባ ነው። ሁለት መቅዘፊያ፣ ሁለት የሕይወት አድን ጃኬትና የእግር ፓምፕ አብረውት ነበሩ። ከኒሳ ቀሴ በተባለው ሰፈር በተከራየነው ግቢ ውስጥ ስንነፋው አከራያችን ከቤታቸው ወጥተው ዞሩትና፣

"ፍራሽ ነው?" አሉ።

ባለቤቴ ምን እንደሆነ አስረዳቸው። አዩትና "እናንተ ልጆች፣ ሥራ የላችሁም እንዴ?" ብለው ገቡ።

"በገዛ አገራችን ቱሪስት እንሁን" ያለኝ እሱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ወንዙ ሲጎድልና ሲጠራ ጥቂት መንገድ መቅዘፍ፣ ዳሩ ላይ ማደር፣ አይተን፣ ምንም ሳንነካ፣ ምንም ሳንጥል መመለስ። መጀመሪያ ያሰብነው በኡኬ በኩል ያለውን የአንገር ወንዝ ነበር፤ አገሩን እኔ አውቀዋለሁና። ግን በዚያ ዓመት በዚያ በኩል ሄዶ በሰላም ስለመመለስ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው አልተገኘም። በዲጋ በኩል ይሻላል ተባለ፤ እኛም ሐሳባችንን ወደ ዴዴሳ መለስን። እዚህ ከተማ መንገድ እንደ አየር ጠባይ ነው የሚወራው። "ሰሞኑን በዚህ በኩል ደህና ነው" ይሉሃል። ደህና ማለት ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የመስኖ ኩሬ ላይ ያለማምደኝ ነበር። ሆን ብሎ ይገለብጠኛል። ስወድቅ መቅዘፊያውን እንዳልለቅ፣ ከጀልባው እንዳልርቅ፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ከሆንኩ በጀርባዬ ተንሳፍፌ እግሬን ወደ ፊት እንድዘረጋ ደጋግሞ ነገረኝ።

"ለመቆም እንዳትሞክሪ" ይለኛል። "እግርሽ ድንጋይ መሐል ከተቀረቀረ ውኃው ይተኛብሻል።"

መጀመሪያ ሰሞን ፈራሁ፤ በኋላ ወደድኩት። ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከዚያ ወንዙን ለማየት ወረድን። ከዲጋ አልፎ መንገዱ ቁልቁል ወደ ዴዴሳ ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይቀበላል። ከድልድዩ ራቅ ብሎ ዳሩ ላይ ጥቂት ቤቶች አሉ። እዚያ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ጎልማሳ ሰው አገኘን። ባለቤታቸው ሻይና ቂጣ ይሸጣሉ፤ ሳምንት ሳምንት ደግሞ በግንድ ታንኳ ወደ ማዶ እየተሻገሩ ገበያ ይውላሉ። ሰውየውን የሰፈሩ ሰው እንደሚጠራቸው "ወሲላ" አልናቸው፤ አጎት እንደማለት ነው። ባለቤታቸውንም "አዳዳ" አልናቸው፤ አክስት ማለት። አዳዳ አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን ማውራት ያበዙ ስለነበር ጥቂቱን ሁሉ ቦታ ያደርሱታል።

ወሲላ ያሰብነውን ሲሰሙ አልሳቁም። ዳር ዳሩን ይዘው ረጅም መንገድ አስጓዙን። ውኃው ድንጋይ ላይ የሚሰበርበትን፣ ጀልባ ተሸክመን በየብስ ማለፍ ያለብንን ቦታ አሳዩን። ወንዙ በሚታጠፍበት ጥልቅ ውኃ ውስጥ ጉማሬዎች አሉ፤ ሮቢ ነው የሚሏቸው። ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ብቅ ይላል፤ ያፏጫሉ፤ ይጠፋሉ።

"እዚህ በውኃ አታልፉም" አሉ ወሲላ። "ከዚህ በፊት ትወጣላችሁ፣ በጫካው ዞራችሁ ከታች ትገባላችሁ።"

"ግድ ሆኖ ብናልፍስ?" አለ ባለቤቴ።

"ግድ አይሁንባችሁ። ከሆነ ግን ዳር ያዙ፤ ተደብቃችሁ አትለፉ። ጀልባውን መታ መታ አድርጉት፣ ያላችሁበትን ይወቀው። ሮቢ የሚናደደው ድንገት ስትደርሱበት ነው።"

ድንኳን የሚተከለው ጉማሬ ለግጦሽ ከሚወጣበት ዱካ ራቅ ብሎ ነው። እንጨት አንቆርጥም፤ ትንሽ የኬሮሲን ምድጃ እንይዛለን። ወንዙ ውስጥ በሳሙና አንታጠብም። ገደሉ አፈር ላይ ቀዳዳ ምሰው የሚፈለፍሉ ወፎች ስላሉ በዚያ በኩል አንወጣም። ቆሻሻችንን ይዘን ነቀምቴ እንመለሳለን። ይህን ሁሉ ባለቤቴ ሲያወራ አዳዳ ሻይ እየቀዱ ያዳምጡ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ወሲላ ፈገግ አሉ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ይሄን ሁሉ የማታደርጉ ከሆነ ለምን ትመጣላችሁ ነው የምትለው።"

የቀበሌው ሰውም እንዲሁ ነበር። ፈቃድ ልንጠይቅ ስንሄድ "ቱሪስቶቹ የት አሉ?" አለን። እኛ ነን ስንለው ወደ በሩ አሻግሮ አየ፤ ከኋላችን ፈረንጅ የሚገባ መስሎት ነው። በመጨረሻ ከመሄዳችን በፊት እንድንደውልለት፣ ስንወጣም እንድናሳውቀው ነግሮን ፈቀደ። ጥንቃቄው ደስ አለኝ። ለታኅሣሥ ቀጠርን።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጊዜ ጀልባውን ይዘን ወርደን ጸጥ ባለው ውኃ ላይ ሞከርነው። ያን ዕለት አዳዳ የእኔን የሕይወት አድን ጃኬት አንስተው ለበሱት። ዘለበቶቹን እኔ ዘጋሁላቸው። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው እንደ ነፍሰ ጡር ተንጎራደዱ፤ በሻይ ቤቱ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አውልቀው አጣጥፈው መለሱልኝ።

"ይሞቃል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። አዝመራ ሊሰበሰብ ተቃርቦ ሳለ ላይኛው አገር ለቀናት ዘነበ። ነቀምቴም ላይ ሰማዩ ተደፍኖ ዋለ፤ ተማሪዎቼ ጭቃ ይዘው ይገባሉ። ባለቤቴ ወንዙ መጉደሉን እስኪያረጋግጥ ጉዞውን ለጥር እናሻግረው ይል ጀመር። እኔ ቅር ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ስልኩ ጠራ። ወሲላ ናቸው። ድምፃቸው የወትሮው ነው፤ ቀስ ያለ። ባለቤቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

"ጀልባህ አለ?"

"አለ ወሲላ። ደህና ነዎት?"

"ይዘህ ናልኝ። ታንኳው ተገልብጧል። አዳዳህ አልወጣችም።"

መንገዱ ከመሸ ስለማይኬድበት ልንነሳ የቻልነው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። የተጠቀለለውን ጀልባ ሚኒባስ ላይ ጭነን በየኬላው እየቆምን ሄድን። እያንዳንዱ ፈታሽ ፍቱት ይላል፤ እንፈታለን። አንዱ ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ ባለቤቴ "ሰው የምንፈልግበት ነው" አለ። ፈታሹ እሱ ራሱ መልሶ ጠቀለለው።

ስንደርስ ዳሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወንዙን አላወቅኩትም። ባለፈው ስናየው አረንጓዴ የነበረው ውኃ ቀይ ሆኖ፣ ግንድና የበቆሎ አገዳ እያግተለተለ ይወርዳል። የሆነውን የነገረን የሰፈሩ ሰው ነው። ከገበያ ሲመለሱ ታንኳዋ ሰውም የበቆሎ ጆንያም ከልክ በላይ ጭና ነበር። መሐል ላይ ግንድ መታት። የቀሩት ጆንያና ግንድ ይዘው ወጡ። አዳዳና አንድ የበቆሎ ነጋዴ ጠፉ። ታንኳዋም ሄደች፤ በሰፈሩ ከእሷ ሌላ አልነበረም። ፖሊሶች ገመድ ይዘው መጥተው ነበር፤ ከዳር ሆነው መፈለግ ብቻ ነው የቻሉት።

ወሲላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ወንድሞቻቸው ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። ለምን እንደያዟቸው የገባኝ ጀልባውን ነፍተን ስንጨርስ ነው። ተነስተው ወደ ጀልባው መጡ፤ ወንድሞቻቸው ጎትተው መለሷቸው።

"እሱ አይገባም" አለ አንደኛው ለባለቤቴ። "እሷን ካየ አይመለስም።"

ባለቤቴ ዞሮ ሰውን አየ። ሊገቡ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ግን መቅዘፊያ ይዞ የሚያውቅ፣ ግራ ሲለው ግራ የሚሄድ የለም።

"እኔ እገባለሁ" አልኩ።

ሊከለክለኝ አፉን ከፈተና ተወው። ጃኬቱን አልብሶ ዘለበቶቹን አጠበቀልኝ። ፊት ተቀመጥኩ፤ እሱ ከኋላ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስሥለው የኖርኩት ወንዝ እንደዚያ ያለ ኃይል እንዳለው አላውቅም ነበር። ከዳር እንደወጣን ያዘን። መቅዘፊያዬን ውኃው ከእጄ ሊነጥቀኝ ይጎትታል። ከኋላዬ የባለቤቴ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ፦ "ግራ። ግራ። ተይው። አሁን ቅዘፊ።" ዳሩ ላይ ሕዝቡ ከእኛ ጋር እኩል እየሮጠ ይከተለናል።

ቁጥቋጦ ሥር ሁሉ አየን። አንድ ቦታ ነጭ ነገር ተንሳፍፎ አየሁና ወደዚያ ቀዘፍን፤ የበቆሎ ጆንያ ነበር። ከዚያ ድንጋዮቹ ጋ ስንደርስ ወጥተን፣ ወጣቶቹ ጀልባውን ተሸክመውልን፣ ከታች መልሰን ገባን። ያን ቦታ ወሲላ እንዳሳዩን አድርገን ነው ያለፍነው። ቀጥሎ መታጠፊያው አለ።

ጥልቁ ውኃ ጋ ልንወጣ ይገባን ነበር። ግን ከወዲያኛው ዳር፣ ጉማሬዎቹ ካሉበት አለፍ ብሎ፣ ወደ ውኃው ባዘነበለ ትልቅ ሾላ ሥሮች መሐል ቢጫ ጨርቅ ታየኝ። የአዳዳን ሻርፕ አውቀዋለሁ። በዚያ በኩል ገደል ስለሆነ በየብስ የሚደርስበት ሰው የለም።

"አየሃት?" አልኩ።

"አየኋት።"

ከዳሩ ሰው ይጮሃል፤ ተመለሱ የሚል ይመስለኛል። ጉማሬዎቹ ብቅ አሉ፤ ጎርፉ እነሱንም አስቆጥቷቸዋል። ባለቤቴ በመቅዘፊያው የጀልባውን ጎን መታ መታ ያደርግ ጀመር። እኔም አደረግኩ። ዳሩን ይዘን፣ ቅርንጫፍ ፊታችንን እየገረፈን፣ ቀስ ብለን አለፍን። አንዱ ጉማሬ አፉን ከፍቶ ወደ እኛ ዞረ፤ መጣ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ውኃው ላይ ክብ ብቻ ነበር። የት እንደገባ አላየሁም። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

አዳዳ በጀርባቸው ነበሩ። አንድ እጃቸው ሥሩን አቅፏል፤ ይዘውት ይሁን ውኃው አስታቅፏቸው አላውቅም። ዓይናቸው ክፍት ነው። ባለቤቴ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር እያለ ጎንበስ ብሎ ዓይናቸውን ከደነ። ጀልባው ላይ ልናወጣቸው ሞከርን፤ ልንገለበጥ ሆነ። ከብብታቸው ሥር ገመድ አዞረና ከኋላ አሰረው። እኔ ሻርፑን ከሥሩ ላይ ፈትቼ ራሳቸው ላይ ልሸፍን ስል እጄ አልታዘዝልኝ አለ፤ ጭኔ ላይ አድርጌ ቀዘፍኩ።

ወደ ወዲህኛው ዳር ስንሻገር ገመዱ በሳበን ቁጥር ክብደታቸው በወገቤ ይሰማኝ ነበር። ሰዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ተቀበሉን። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አንዲት ሴት ጃኬቱን ስታወልቅልኝ ነው። "ገለቶሚ፣ በርሲስቱ" ትለኛለች፤ መምህሯ፣ አመሰግናለሁ። ደጋግማ ትለዋለች።

የዚያኑ ዕለት ቀበርናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በኦሮምኛ ዘመሩ። ወሲላ አላለቀሱም፤ አፈሩ ሲመለስ ቆመው አዩ። ከቀብሩ መልስ ባለቤቴ ጀልባውን ይዞ ወደ ውኃው ተመለሰ፤ የነጋዴውን ቤተሰብ ሊረዳ። ሁለት ወጣቶችን ይዞ እስኪመሽ ፈለገ። አላገኙትም። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ወንዙ ጎደለ፤ ሰውየው ግን አልተገኘም። ሚስቱ ዳሩ ላይ ድንኳን ተክላ ተቀምጣ ነበር ይባላል፤ መቼ እንደተነሳች የነገረኝ የለም።

ቤታችን ስንመለስ ባለቤቴ ጀልባውን ግቢ ውስጥ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አጠበው። አከራያችን መጥተው ከጎኑ ቆሙ፤ ወሬው ደርሷቸዋል። ቧንቧውን ከፍተው ያዙለት። ሲደርቅ ጠቅልሎ አስገባው።

ጉዞውን አልሄድንም። ይቅር ብለን የተነጋገርንበት ቀን እንኳ የለም። ጥር መጣ፤ መንገዱም ለጥቂት ጊዜ ተዘጋ፤ ከዚያ ተከፈተ። ባለቤቴ ዓሣ መብላት ተወ። እንቅልፉ ውስጥ "ግራ፣ ግራ" የሚልበት ጊዜ አለ፤ ስቀሰቅሰው አላልኩም ይለኛል። አንድ ቀን እራት ላይ ሳልጠይቀው "ጃኬቱን ያኔ ትተንላቸው ብንሄድ ኖሮ" አለ። ሁለት ብቻ ነበሩን፤ እሳቸውም ይሞቃል ብለው አውልቀውታል። ይህን ነገርኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

ወሲላን ትልቋ ልጃቸው ነቀምቴ አመጣቻቸው። ባለትዳር ናት፤ ቤቷ ከእኛ ብዙ አይርቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራፏ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። መረባቸውን ለሰው ሰጥተዋል። ቆሜ ሰላም እላለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው እናወራለን። ስለ ወንዙ አንስተውት አያውቁም ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ እንደወትሮው ሰላም ብዬ ላልፍ ስል "ተቀመጪ" አሉኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ስታገኟት ዓይኗ ተከድኖ ነበር?"

ምን እንደምመልስ አላሰብኩም። "አልተከደነም ነበር" አልኳቸው። "ባለቤቴ ነው የከደነላቸው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የተኛች ነበር የምትመስለው ይሉኛል። ወንድሞቼም፣ ልጄም። ውኃ የወሰደውን ሰው ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ። ለእኔ እንዲህ ይሉኛል?"

"እንዳይጎዱ ብለው ነው፣ ወሲላ።"

"አውቃለሁ። ሌላስ?"

የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሾላውን፣ በየትኛው ዳር እንደሆነ፣ እጃቸው ሥሩን አቅፎ እንደነበር፣ ሻርፑን ራሳቸው ላይ ልሸፍን ፈልጌ እንዳልቻልኩ። ጉማሬውንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። አንድ ጊዜ ብቻ "ቀኝ እጇ ነው ግራ?" አሉ። ቀኝ መሆኑን ነገርኳቸው። የራሳቸውን ቀኝ እጅ አይተው ጉልበታቸው ላይ መለሱት።

ልጃቸው ከውስጥ ምሳ ቀርቧል ብላ ተጣራች። ወሲላ በርጩማውን አንስተው ተነሱ።

"ኮቱ፣ ነይ ግቢ" አሉኝ። "ሳትበዪ አትሄጂም።"

ገባሁና አብሬያቸው በላሁ።